ስለ እንግዳ መምህርና ስለ ወሎ ደጋ ማዕድ

ከተወለደበት አገር ርቆ ለማስተማር የተላከ ሰው በመጀመሪያው ወር ከዘመዱ ይልቅ የእናቱን ወጥ ይናፍቃል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሰውን አገር እንጀራ እያማረሩ የሰውን ልጅ ማስተማር አይሆንም፤ ሕፃኑ የቤቱ ምግብ ሲናቅ ካየ ትምህርቱንም ከዚያው ጋራ ይጠላዋልና።

መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት፤ ከዓባይ በረሃ በላይ፥ ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስሉም። ከቆላ የመጣ መምህር ራት ዘገየ ብሎ ባለቤቲቱን አይውቀስ፤ ይልቁንም ነገሩን ለተማሪዎቹ የሳይንስ ትምህርት ያድርገው።

በደጋው ዋናው እህል ገብስ ነው። ቆሎው፥ በሶው፥ ቂንጬው፥ ገንፎው፥ ጠላውም ከእርሱ ይወጣል። በሶ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ፥ እሳት ሳይፈልግ በውሃና በጨው ተበጥብጦ ይበላል፤ የመንገደኛ ስንቅ የሆነውም ስለዚህ ነው። የገብስ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ይደርቃልና ከምጣድ እንደ ወጣ ሊበሉት ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን ቀምሶ የፈረደበት ሰው ፍርዱን እንደ ገና ይመርምር።

በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፥ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ይኖራሉ። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ ሰርግ ሲሆን ባለ ድግሱ ለጎረቤቱ ወገን በጉን ወይም በሬውን ለይቶ ይሰጣል፥ እነርሱም በራሳቸው ሰው እጅ አርደው በራሳቸው ድስት ሠርተው አብረው ይደሰታሉ። እንግዳው ወደ ማዕድ ሳይቀርብ የማን እርድ እንደ ሆነ ቤተኛውን ቀስ ብሎ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ በልቶ ኋላ መጸጸት ግን ባለቤቱንም ያሳፍራል።

አንድ ነገር ግን በይሉኝታ አይታለፍ፥ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚታገሥ ሌላው እህል ሲጠፋ ይተርፋል፤ በክፉ ዘመን ለወራት ዋና ቀለብ ሲያደርጉት ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፥ ያም ሽባነት መድኃኒት የለውም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው በወሎ ደጋ፥ በደላንታ፥ ብዙ ሰው እንዲህ ተጎድቷል። ሐኪሞች ሲመረምሩ እሸቱንና ንፍሮውን ያዘወተሩ ቤቶች ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ፤ ቦክቶ እንጀራ የሆነው ግን ይህን ያህል አልጎዳም፥ ቅመም ካለበት ወጥ ጋራ ሲበላም ጉዳቱ ቀነሰ። በሽታው ከጓያ እንፋሎት ይመጣል የሚሉ አሉ፤ የሚመጣው ግን አዘውትሮ ከመብላት ነው። ስለዚህ ከሌላ እህል ጋራ ይደባለቅ፥ ተዘፍዝፎም ውሃው ይደፋ።

እንግዳው አንድ ቀን የጓያ ሽሮ ቢቀርብለት ደንግጦ ገበታ አይግፋ፤ የአንድ ቀን ሽሮ አይጎዳውም። የሚያስፈራው እረኞቹ ልጆች እሸቱን እየቀጠፉ ሲውሉ ነው፤ በዚያ ወራት ምን በልተው እንደ ዋሉ መምህሩ በየጧቱ ይጠይቃቸው፥ ሽማግሌዎቹም ከአባቶቻቸው ጋራ ይነጋገሩ።