ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት መለየት

ሰው ስለ ገንዘቡ ሲናገሩት ይታገሣል፤ ስለ ሃይማኖቱ ሲናገሩት ግን ቶሎ ይቆጣል። ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚጽፍ ተማሪ ብዕሩን በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባው አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ የተነሣው ጥያቄ እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስ ስላከራከረን፣ ያነበብኩትንና ያሰብኩትን በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ደፈርኩ።

ክርክሩ የተነሣው ከአንድ ቃል ነው። ፈረንጆች “ሴኩላሪዝም” የሚሉትን አንዳንዶች “ዓለማዊነት” ብለው ይተረጉሙታል። በእኛ ቋንቋ ግን “ዓለማዊ” ሲባል ጾምና ጸሎት የማያውቅ፣ ለሥጋው ብቻ የሚኖር ሰው ይታሰበናል። እናቴ “መንግሥት ዓለማዊ ነው” የሚል ቃል በራዲዮ ብትሰማ ማማተቧ አይቀርም። የነገሩ ፍች ግን ይህ አይደለም። መንግሥት ከሃይማኖት ተለየ ማለት ዳኛው፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ወታደሩና አስተማሪው “ሃይማኖትህ ምንድን ነው?” ሳይሉ ሰውን ሁሉ እኩል ያስተናግዱታል፤ ቄሱና ሼኩም በበኩላቸው የመንግሥትን ሰይፍ አይዙም ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በዚህ ጽሑፍ “መለየት” የሚለውን ቃል መርጫለሁ። የምከራከረውም ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መለየት ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ሃይማኖትን ራሱን ነው የሚል ነው።

በክፍል የተሰጠን ምሳሌ ህንድ ነበረች። ህንድ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም፤ በአያቶቻችንና በአባቶቻችን ጊዜ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መምህራን ብዙዎቹ ከህንድ የመጡ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል አያሌዎቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። በኬረላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ ከመቶው 55 ያህሉ ሂንዱ፣ 27 ያህሉ ሙስሊም፣ 18 ያህሉ ክርስቲያን ነው፤ ከክርስቲያኖቹም የሚበዙት ካቶሊኮች ናቸው። በመላው ህንድ ግን ሂንዱዎች ወደ 80 ከመቶ ሲጠጉ፣ ክርስቲያኖች ከ3 ከመቶ ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥታቸው ለሁሉም የእምነት ነፃነት ሰጥቷል። ሆኖም አገሪቱ የሂንዱዎች ብቻ ናት የሚሉ ሰዎች በዚያን ጊዜም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ማኅተመ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በጥር 1948 የተገደሉት ራሱ ሂንዱ በሆነና ለሙስሊሞች አደሉ ብሎ በጠላቸው ሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኦዲሻ ክፍለ አገር፣ ካንዳማል በሚባል ስፍራ አንድ የሂንዱ መንፈሳዊ መሪ ተገደሉ። ገዳዮቹ እኛ ነን ያሉት ማኦኢስት ታጣቂዎች ነበሩ፤ ቁጣው ግን በአካባቢው ክርስቲያኖች ላይ ወረደ። ካቶሊኮችም ፕሮቴስታንቶችም ተገደሉ፣ ቤታቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው ተቃጠለ።

ጓደኞቼ ይህን ሰምተው “ይህ የህንድ ጣጣ ነው” አሉ። እኔ ግን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም ባይ ነኝ። ዙፋንና የካቶሊክ እምነት የተገናኙበት ታሪክ በደጃችን አለ።

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ በሰከላ ወረዳ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይገኛል። በ1610 ዓ.ም. ይህን ምንጭ አይተው የጻፉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ ናቸው፤ የመጡትም ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የነበሩት አገዎች ምንጩን ያከብሩ፣ ከብትም ይሠዉ እንደነበር ጽፈዋል። በነገራችን ላይ፣ የሱስንዮስ ዜና መዋዕል ወደ አገው ምድር ስለ ተደረጉ ዘመቻዎች ደጋግሞ ይናገራል። በቤተ መንግሥት እስክንድርያ ትበልጣለች ወይስ ሮማ እየተባለ ሲከራከሩ፣ የእኛን አያቶች “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

አባ ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ በማስረዳትና በመከራከር ነበር የሚሠሩት። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ አባ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞቱ። ንጉሡ በግላቸው አምነው ቢቀሩ ኖሮ ነገሩ በዚያ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በ1618 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነው በመጡት በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን ማሉ፤ መኳንንቱንም አስማሉ። ከዚያ በኋላ ካህናቱ እንደ ገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ ሥርዓት ይሁን፣ የቅዳሜ ሰንበትም ይቅር ተባለ። አያቱም አባቱም የተጠመቁበት ጥምቀት ጥምቀት አይደለም የተባለ ገበሬ ምን ይሰማዋል? በየቦታው ዐመፅ ተነሣ። በመጨረሻ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የንጉሡ ሠራዊት ከላስታው ከመልክአ ክርስቶስ ጦር ጋር ተዋግቶ ድል አደረገ፤ በሜዳው ላይ የወደቀው ሰው 8,000 ያህል እንደነበር ተጽፏል። ንጉሡ ድል አድራጊ ሆነው ሳለ በድላቸው ደስ ሊላቸው አልቻለም፤ ሬሳው የወገናቸው ነበርና። የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

እንግዲህ የካቶሊክን እምነት በዚህ አገር ክፉኛ የጎዳው ማን ነው? እኔ የንጉሡ ወዳጅነት ነው እላለሁ። አባ ፓኤዝ በቃል ያገኙትን ሜንዴዝ በዐዋጅ አጠፉት፤ ከዚያ ወዲያ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የካቶሊክ ካህን ስም በሕዝቡ ዘንድ ከጦርና ከግዳጅ ጋር ተያይዞ ሲፈራ ኖረ።

ይህን ሳነብ የእኛው ወገን ከዚህ ትምህርት ያገኘ መስሎኝ ነበር፤ የሚቀጥለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው፤ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወልደው፣ በዚያው ገዳም ተምረው የመነኮሱ፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው የጠፋ ትልቅ ሊቅ ነበሩ። በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላኩት አንዱ ሆነው ከካቶሊኩ ካህን ከአባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተጓዙ፤ ሮማንም አዩ፤ ከተመለሱም በኋላ ካቶሊክ ሆኑ። ያስገደዳቸው ንጉሥ አልነበረም፤ በንባብና በክርክር የደረሱበት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አገሩን በአንድ እምነት አንድ ማድረግ ይፈልጉ ስለነበር አሰሯቸው። ሽማግሌው መነኩሴ በሰንሰለት ሆነው ከሠራዊቱ ጋር ሲንከራተቱ በነሐሴ 1847 ዓ.ም. ሞቱ። በ1919 ዓ.ም. ሮማ ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። ኦርቶዶክሳዊ ሆኜ ሳለ የኚህን ሰው ታሪክ በአክብሮት መጻፌ ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ቢኖር፣ የጎጃም ሊቅ መሆናቸውን ብቻ ያስብልኝ።

ቀጥሎ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሆነ። በክርስቲያኖች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት በዚያ በንጉሥ ፍርድ ተዘጋ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ብዙዎች ተሰደዱ፣ እነ ሼክ ጠልሃ ተነሥተው ተዋጉ፣ ሌሎችም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ከተጠመቁት አንዱ የወሎው መሐመድ አሊ፣ በኋላ ራስ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ የመሩት እኚህ ራስ ናቸው።

ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደሚከበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በዓሉም በዐድዋ የዘመቱት አባቶችና ፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። አንድ ሙስሊም የክፍል ጓደኛዬ፣ አጎቱ ጥሩ ፈረስ ያለው ልጅ፣ “ዐድዋ የሁላችንም ነው፤ ጊዮርጊስ ግን የናንተ ነው። እኔ በዚህ ቀን ተመልካች ነኝ ወይስ ባለ በዓል?” ብሎ ጠየቀኝ። በቀልድ አልነበረም የጠየቀኝ። የራስ ሚካኤልን ታሪክ ነገርኩት። እሱም ጥቂት አስቦ፣ “ታዲያ እሳቸውም መጀመሪያ ተጠምቀው ነው” አለኝ። በዚህ ላይ የሚበቃ መልስ አላገኘሁለትም። ልጃቸውን ልጅ ኢያሱንም በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ያወረዷቸው ወደ እስልምና አዘንብለዋል በሚል ክስ ነው። በወሩ፣ የዐድዋው ፈረሰኛ ራስ ሚካኤል በሰገሌ ሜዳ ከአገራቸው ልጆች ጋር ተዋግተው ተማረኩ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን “ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው” ይባል ነበር። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጓት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ በዚሁ እምነት እንዲሆን ያዛል። ቃሉና አንቀጹ አልተስማሙም። ሙስሊሞችም “በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች” ይባሉ ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ “ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች” እንባል፣ በዓላችን ይከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም ነበሩበት።

አንዳንድ አባቶች “ነገሥታቱ ባይኖሩ ገዳማቱን ማን ይጠብቃቸው ነበር?” ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ብዙ መሬት ሰጥተዋል፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሠርተዋል። ነገር ግን ዙፋን የሰጠው ከዙፋን ጋር ሄደ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኒቱም መሬት ተወረሰ። ንጉሡ ጳጳስ ሲያሾሙ የኖሩበት መንገድ ተከፍቶ ስለ ቆየም፣ ደርግ በዚያው መንገድ ገባ፤ በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። እሳቸውም የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። በቤተ መንግሥት የተቀመጠችው ቤተ ክርስቲያንና ከቤተ መንግሥት ርቃ የነበረችው፣ ሁለቱም መሪያቸውን ለአንድ ገዳይ አጡ።

ዛሬ የምንተዳደርበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ አይገባም ይላል። በ27ኛው የእምነትን ነፃነት ያረጋግጣል፤ በ90ኛው ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ለምሳሌ የወላጆች በዓል በጸሎት ይከፈት የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ “አብዛኞቻችን አንድ ነን፣ ማን ይከፋዋል?” ይላሉ። እኔ ደግሞ የሱስንዮስም መኳንንት እንዲሁ ሳይሉ አልቀሩም ብዬ መለስኩላቸው፤ ሳቁብኝ። የእኔ ሐሳብ በመክፈቻው ላይ ለሁለት ደቂቃ ሁሉም ጸጥ ብሎ በልቡ እንዲጸልይ ነው። ከዚህም ሌላ ፈተና በዓርብ ስግደት ሰዓት እንዳይውል፣ የጾም ቀን ግብዣ ሲኖር ለሁሉም የሚሆን ምግብ እንዲዘጋጅ፣ ሥጋም ሲቀርብ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ እንዲለይ እጠይቃለሁ፤ ይህ የመጨረሻው በየሠርጉና በየለቅሶው እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ስለ ጸሎቱ የክፍላችን ክርክር ገና አልተፈጸመም፤ እጅ ቢቆጠር እኔ እንደምሸነፍ አውቃለሁ። መምህራኖቻችንም ሆኑ ወላጆቻችን ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላቸው ቢሆን፣ በሚመጣው ዓመት መጽሔት መልሳቸውን ጽፈው እንድናነብላቸው በትሕትና እለምናለሁ።