የታደሰ ሞተር ከመነሣቱ አስቀድሞ ዘይቱን ስለ ማዳረስ

ሞተር አርጅቶ ኀይሉ በደከመ ጊዜ ባለ ሙያው ይፈታዋል፤ ያለቀውን ይለውጣል፤ የተበላውን ዘንግ ያስተካክላል፤ ከዚህም በኋላ መልሶ ይገጥመዋል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። በመኪና ለሚተዳደር ሰው የብዙ ወር ትርፉ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዘመድ የተበደረው ነው። ይህ ሁሉ ድካም ግን በመጀመሪያዪቱ ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። በትክክል የተገጠመ ሞተር እንኳ ዘይቱ ወደየስፍራው ሳይደርስ የተነሣ እንደ ሆነ ብረት ከብረት ጋራ ይፋጫል፤ አዲሱም የዘንግ ማረፊያ በተገጠመበት ቀን ያረጃል።

ብዙ ሰዎች ዘይቱ በልኩ ከተሞላ ሌላ የሚቀር ነገር ያለ አይመስላቸውም። ነገር ግን ዘይት መሙላትና ዘይት ማዳረስ ሁለት ሥራ ነው። የተሞላው ዘይት ወርዶ በሞተሩ ሆድ ይተኛል፤ የሚፈለገው ግን ከላይ፤ ዘንጎቹ በሚዞሩበት ስፍራ ነው። በጋን ውኃ መኖሩ ብቻ የተጠማውን ሰው አያረካውም፤ ቀድቶ የሚያቀብለው ይሻል።

ዘይት በማረፊያ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጠልቆ የታወቀው ከ150 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ቢቻም ታወር የሚባል መሐንዲስ የባቡር ጋሪ ዘንግ የመሰለ ዘንግ አዘጋጅቶ፤ በላዩ የናስ ማረፊያ ጭኖ፤ የዘንጉን ታች በዘይት ውስጥ አጥልቆ ይፈትን ነበር። የፈተናውንም ነገር በ1883 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር አስታወቀ። ዘይት ማስገቢያ እንዲሆን በናሱ ራስ ላይ ቀዳዳ ቢያበጅ፤ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ፈሰሰ። ቡሽ ቢወትፍበት ቡሹን፤ እንጨት ቢሰካበት እንጨቱን ገፍቶ ጣለው። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ተከለበት። በማረፊያው ላይ የተጫነው ሸክም ተካፍሎ ሲታሰብ በያንዳንዱ ካሬ ኢንች 100 ፓውንድ ብቻ ሳለ፤ መለኪያው ከ200 በላይ አሳየ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ የሚባለው ሊቅም በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ ገለጠ። ዘንጉ ሲዞር ራሱ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ እንደ ታንኳም በዘይቱ ላይ ተንሳፎ ይዞራል። ክፍተቱ በብዙ ሞተሮች ከራስ ጠጕር ውፍረት ጋራ የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ ሸክሙን የሚሸከመው በዘንጉ መዞር የሚፈጠረው ግፊት ነው፤ የፖምፑ ተግባር ዘይት ማቅረብ ነው። ያልቀረበ ዘይት ግን ሊጎተት አይችልም። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ሁለት ለስላሳ የብረት ገበታዎችን በደረቁ፤ ቀጥሎም ሁለት ጠብታ ዘይት ጨምሮ እንዲያፋጩ ቢያደርግ እጃቸው ልዩነቱን ያውቀዋል።

በየቀኑ የሚሠራ ሞተር ሌሊቱን ቆሞ ቢያድር ጥቂት ዘይት በማረፊያዎቹ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። የታደሰው ግን ክፍሎቹ ታጥበዋል፤ ቦዮቹ ባዶ ናቸው፤ ፖምፑም አየር ብቻ ይዟል። ፖምፑ በብዙ ሞተር የተነካከሱ ሁለት ባለ ጥርስ መዘውሮች ናቸው፤ ደረቅ በሆኑ ጊዜ አየሩ በክፍተታቸው ወደ ኋላ ስለሚያመልጥ ዘይቱን ከታች መሳብ ይሳናቸዋል። ገጣሚው ማረፊያዎቹን አስቀድሞ ዘይት መቀባቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ይህ ቅባት ለጥቂት ዙር የሚበቃ ነው፤ ሞተሩ ወራት ቆሞ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ወርዶ ያልቃል።

ለዚህ ነገር በአዲስ አበባ ጎዳና ብዙ ዘመን የታወቀችው ትንሺቱ ቮልስዋገን ምሳሌ ትሆናለች። ፋብሪካው ይህችን ዐይነት መሥራት በ2003 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በሜክሲኮ ስለ ጨረሰ፤ የያዟት ሰዎች ያለቻቸውን እያደሱ መኖር ግድ ሆኖባቸዋል። ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ የሚይዘውም ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ይህ ጥቂት ዘይት ከማለስለስ ሌላ ሙቀት የማውጣት ሥራም አለበት።

በዚህች ሞተር የፖምፑ መዘውሮች ከመከደናቸው በፊት ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባሉ። ወፍራም ግራሶ አይገባም፤ ቶሎ አይቀልጥምና ጠባቡን ቦይ ሊደፍን ይችላል። ዘይቱ ከተሞላ በኋላ አራቱ ካንዴላዎች ይወጣሉ፤ የቦቢናው ሽቦ ይለያል፤ የቤንዚኑም መንገድ ይዘጋል። ካንዴላ ማውጣቱ እሳት እንዳይነሣ ብቻ አይደለም፤ ፒስቶኖቹ አየር ሳያምቁ ስለሚመላለሱ ገና ዘይት ያላገኙት ማረፊያዎች ከሸክም ያርፋሉ። ከዚያ ወዲያ ሞተሪኖው ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያዞራል፤ እንዳይቃጠልም በየመካከሉ ያርፋል። ይህ የዘይቱ ምልክት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገማል። መብራቱ ግን በጥቂት ግፊት የሚጠፋ ስለ ሆነ ሙሉ ምስክር አይደለም፤ መብራቱን የሚያበራውን ዕቃ ነቅሎ በስፍራው የግፊት መለኪያ መግጠም ይበልጣል።

መርፌው ደጋግሞ ተሞክሮ ያልተነሣ እንደ ሆነ ሥራው ይቁም። የዘይቱ ልክ፤ የመሳቢያው ቧንቧ፤ የፖምፑም ክዳን ይመርመር። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት ያጣ ሰው «ሲነሣ ይስባል» ብሎ ካንዴላውን ይመልሳል። በደቂቃ 800 ጊዜ የሚዞር ሞተር በግማሽ ደቂቃ 400 ጊዜ እንደሚዞር ተማሪ እንኳ ያሰላዋል፤ አራት መቶው ሁሉ በደረቅ ብረት ላይ ነው።

በ1955 በወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሞተር ግን ነገሩ ይቀላል። በዚያ ፖምፑን የሚያዞረው ብልጭታን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው ዕቃ ዘንግ ነው። ዕቃው ይነቀልና በቀዳዳው ረዥም ዘንግ ገብቶ፤ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት መርፌ አቅጣጫ በትራፓኖ ይዞራል። አስቀድሞ ትራፓኖው በቀላሉ ይሮጣል፤ ፖምፑ ዘይቱን በያዘ ጊዜ ግን ድምፁ ይለወጣል፤ የያዘውም እጅ ክብደት ይሰማዋል። ረዳቱ ዋናውን ዘንግ በእጁ ቀስ አድርጎ ሲያዞር ቀዳዳዎቹ ከቦዮቹ ጋራ እየተገናኙ ዘይቱ ለሁሉ ይዳረሳል።

የገጠር ወፍጮ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ስለዚህ ናፍጣው ተዘግቶ፤ ቫልቩን ከፍቶ የሚይዝ እጀታ ያለው እንደ ሆነም እጀታው ተነሥቶ፤ በእጅ መዘውር ብዙ ጊዜ ይዞራል። አንዳንዱም ፖምፕ የሌለው፤ ዘይቱን በማንኪያ መሰል ብረት እየቀዳ የሚረጭ ነው፤ ለዚህ የጎን ክዳኑ ተከፍቶ ማረፊያዎቹ በእጅ ዘይት ይጠጣሉ። እህል የጫነ አህያ በደጅ ተሰልፎ ሳለ ባለ ወፍጮውን ማስታገሥ ከባድ ነው፤ ሽማግሎች በዚህ ጊዜ ቢናገሩት ይሰማ ይሆናል።

የዘይቱ ግፊት ከታየ በኋላ ካንዴላው ተመልሶ፤ ነፋሱን የሚያዞረው ቺንጋ መጥበቁ ተረጋግጦ ሞተሩ ይነሣል። የቮልስዋገኗ ሞተር በተነሣ ጊዜ በዝግታ እንዲያጉረመርም አይተውም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ ይሠራል። ቫልቮቹን የሚያነሣው ዘንግ ጕብጕቡ የሚለሰልሰው አብዛኛው ከሌላ ክፍል በሚረጨው ዘይት ነው፤ ዝግ ያለ ሞተር ደግሞ የሚረጨው ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ እንደ ጋለ ይቀዳል፤ ወንፊቱም ወጥቶ ይታያል። በዘይቱ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ብናኝ ቢኖር የአዲስ ገጠማ ትርፍ ነውና አያስደነግጥም፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ዳግመኛ ሳይነሣ ተከፍቶ ይፈተሻል።