ነፋስ የቀደደው የሞተርሆም ጥላ ሸራ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮሎራዶ ነው። ድንገተኛ ነፋስና ዝናብ የሞተርሆማችንን የጥላ ሸራ ቀደደው፤ አንዱ ክንድም ጎበጠ። ይጠገናል ወይስ ይቀየር?

መልስ፦ መጀመሪያ ክንዱን ተመልከቱ። ሳይቃና ሸራውን በግድ ለመጠቅለል አትሞክሩ፤ ጉዳቱ ይብሳል። በእጅ የሚጠቀለል ከሆነ በቱቦው ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ፤ ድንገት ከተፈታ እጅ ይሰብራል። ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ሸራው ቪኒል፣ ቅዱም ትንሽ ከሆነ ራሳችሁ መጠገን ትችላላችሁ። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፤ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። የቪኒል መጠገኛ ቴፑን ከቅዱ ዙሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። ጥጎቹን ክብ አድርጓቸው፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይላቀቃል። ከላይም ከታችም ለጥፉ። ቅዱ ስፌቱን ተከትሎ ከሄደ ግን ሸራውን መቀየር ይሻላል።

ለወደፊቱ፣ በኮሎራዶ የበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ፋታ አይሰጥምና ስትተኙም ሆነ ስትወጡ ጠቅልሉት። ነፋስ የሌለው ዝናብ ከሆነ አንዱን ጫፍ ዝቅ አድርጉት፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናልና ሸራው ላይ የሚያቁረው ውሃ ክንድ ያጎብጣል። እርጥቡን ከጠቀለላችሁት፣ ሰማዩ እንደጠራ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ ይሻግታል።