ወረቀቱ ደባርቅን ያውቃታል?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ስለ ብስኩት ስጽፍ እንዳትስቁብኝ። ነገሩ ከትምህርታችን ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በክረምቱ እረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ ደባርቅ ወጥቼ ነበር። አክስቴ እዚያ ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። አንድ ቀን “አንቺ ከተማ ገብተሻል፣ እስቲ ያንን ከላዩ ስኳር የተቀባውን ብስኩት አሳዪኝ፤ ከሻይ ጋር ይሸጥልኝ ይሆናል” አሉኝ። እኔም ከአንድ የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ገልብጬ የያዝኩትን ወረቀት አወጣሁ። ቅቤው ከጎረቤት በብድር፣ ስኳሩ ከሱቅ በዱቤ መጣ። በመብራት ምጣድ ላይ ደርድረን አክንባሎ ደፋንበት። ስንከፍተው ሃያው ብስኩት ፈስሶ አንድ ቂጣ ሆኗል! ሥሩ አርሯል፣ ላዩ ጥሬ ነው። አክስቴ አልተቆጡም። ወረቀቱን አንስተው አዩትና “ልጄ፣ ይኼ ወረቀት ደባርቅን ያውቃታል?” አሉኝ። ዕዳው ግን አለ።

ለምን ተበላሸ?

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ እሳት ላይ ውለው አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው።

በብስኩት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣውን ጋዝ የሚጫነው አየር ስስ ስለሆነ ሊጡ ሳይጠነክር ቶሎ ይነፋና ተመልሶ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ውሃው ቶሎ ስለሚተን በሊጡ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ይበዛል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ይፈሳል። በመሆኑም ቤኪንግ ፓውደርና ስኳር መቀነስ፣ ትንሽ ፈሳሽ መጨመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጥፋት የእሳቱ ነበር። መጽሐፉ የጻፈው ለፉርኖ ነው። ፉርኖ የምንለው ዳቦ ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ሲሆን ቃሉ የመጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው በቆዩበት ዘመን የሊማሊሞን መንገድ ሠርተዋል፤ ቃሉም በአፋችን ቀርቷል፤ ምድጃው ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አልገባም። ምጣድ የሚያሞቀው ከሥር ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያመጡት አክስቴ ናቸው። “ድፎ ዳቦ በምን ይበስላል? ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት” አሉ። እውነትም ይኼ ራሱ ፉርኖ ነው!

አሠራሩ

3 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (ወረቀቱ 2 ነበር የሚለው) እና ቁንጥር ጨው አብሮ ይነፋል። 1 ብርጭቆ ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ከተቀነሰለት 1 ብርጭቆ ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል። 1 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተትና የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ይገባበታል፤ ከዱቄቱ ጋር ይለወሳል። ከዳባት ገበያ ስንዴ ገዝታችሁ ወፍጮ ቤት ያስፈጫችሁ ከሆነ፣ ገለባው ውሃ ስለሚጠጣ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ፤ ደባርቅ ላይ ፍሪጅ አያስፈልግም፣ መስኮቱ ይበቃል። የጣት ውፍረት እስኪቀረው ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል።

ትልቅ የብረት ድስት ውስጥ ሦስት ጠጠር አስቀምጡና ትሪውን በላያቸው አድርጉ፤ ሥሩ እንዳያር ነው። ድስቱን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ከዚያ ክዳኑ ላይ ፍም ደርድሩ። የላዩ ፍም ከታቹ ይብለጥ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ዳሩ ቀላ ሲል አውጡት።

ለቅቡ ስኳር በሙቀጫ ይወቀጥና በስስ ጨርቅ ይነፋ (አደራ፣ ነጭ ሽንኩርት በተወቀጠበት እንዳይሆን!)። ለ1 ብርጭቆ የላመ ስኳር 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረጋችሁ አሹት። ብስኩቱ ሳይቀዘቅዝ ከተቀባ ቅቡ ይቀልጣል። በክረምት ጉም ሲወርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ምድጃ ዳር ይደርደር። በጾም ጊዜ በቅቤው ፋንታ ሁለት ሦስተኛ ብርጭቆ ዘይት፣ በእንቁላሉና በወተቱ ፋንታ ውሃ ይተካል።

እንግዲህ ሁለተኛው ዙር ሰመረ። ብስኩቱ ከሻይ ጋር ተሸጠ፤ የጎረቤቷ ቅቤ ተመለሰ፣ የሱቁም ዱቤ ተዘጋ።

እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ውሸት አልነበረም፤ ለሌላ ቦታ የተጻፈ እውነት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ አየርና በዚያ እሳት ዳቦ የጋገሩ ሴት አጠገቤ ቆመው፣ እኔ ግን አንዲት ጥያቄ እንኳን ሳልጠይቃቸው ከወረቀት ገለበጥኩ። ነገ ዜና ስንሠራ ከሩቅ የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ከመገልበጣችን በፊት ቦታውን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ። እኔ ይህንን የተማርኩት በአንድ ብርጭቆ የብድር ቅቤ ነው።