በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የተፈናቀሉ ሴቶችና የመቋቋሚያ መዝገብ

ሠፈራ ሲባል በብዙ ሰው ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የገጠሩ ሠፈራ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከተቋቋመ በኋላ፣ በተለይም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም.፣ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተጓጉዟል። በዚያ ዘመቻ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ተለያይቷል። ሠፋሪው ሲመዘገብ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በአመዛኙ የቤተሰቡ ኃላፊ፣ ይኸውም የባል ስም ነበር። በመሆኑም ባሏ የሞተባት ወይም በጉዞ ላይ ከባሏ የተለየች ሴት፣ ድርሻዋን ለማግኘት በቅድሚያ ማን መሆኗን ማስረዳት ይጠበቅባት ነበር። ይህ የመዝገብ ጥያቄ ከገጠሩ ሠፈራ ጋር አልቀረም፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ውስጥም ይገኛል።

በመስከረም 2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ የተነሣው ግጭት እየተስፋፋ ሄዶ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቅሏል። ወደ ቀድሞ ቀያቸው ሊመለሱ ካልቻሉት መካከል ከፊሎቹን የኦሮሚያ ክልል መንግሥት በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ ከተሞች፣ ከእነዚህም ውስጥ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አስፍሯል። አንድ ዓመት ሳይቆይ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተነሣው ግጭት ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጅ ሸማ ሠሪዎች፣ ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። እንግዲህ ተፈናቃይ ተቀባይ የነበረችው ከተማ ራሷ የተፈናቃይ መነሻ ሆነች ማለት ነው።

በአነጋገር ሁለቱም ወገኖች «ስደተኛ» ሲባሉ ይሰማል። በሕግ ረገድ ግን ስደተኛ የአገር ወሰን ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲሆን፣ መብቱ የሚታየው በስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ነው። በገዛ አገሩ ውስጥ ከቀየው የተነሣው ተፈናቃይ ነው። ስለ እርሱ የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ የተቀበለውን ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። የስምምነቱ 13ኛ አንቀጽ ስለ ምዝገባና ስለ መታወቂያ የሚደነግግ ነው፤ ሴቶችም ከወንዶች እኩል ሰነድ የማግኘት፣ ሰነዱም በየራሳቸው ስም እንዲሰጣቸው የማድረግ መብት እንዳላቸው በግልጽ ያስቀምጣል። ለሠፈር አስተባባሪ ከስምምነቱ ሁሉ ይልቅ በእጅ ሊያዝ የሚገባው ይህ አንቀጽ ነው። ምክንያቱም መታወቂያ የሌላት ሴት የባንክ ደብተር ማውጣት፣ የንግድ ፈቃድ መጠየቅ፣ ብድር መውሰድ አትችልም። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ አስተዳደር ሲመሠረት ሦስቱም ከተሞች በሥሩ ስለተጠቃለሉ፣ ቀደም ብሎ የተከፈተ የተፈናቃይ ፋይል በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ ማጣራትም የአስተባባሪው ሥራ ሊሆን ይገባል። ልጅ ያዘለች ሴት ፋይሏን ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እንድትዞር መተው አይገባም።

ከመታወቂያ ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ሲደጋገም የሚታየው ስሕተት ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥልጠና መስጠት ነው፤ ልብስ ስፌት፣ አለዚያም የፀጉር ሥራ። ሥልጠናው በራሱ ክፉ ባይሆንም፣ በአንድ መንደር ሃያ ልብስ ሰፊ ቢሠለጥን ልብስ የሚያሰፋው ማን ነው? ከዚህም ሌላ ተፈናቃይዋ ባዶ እጇን ብትመጣም ባዶ አእምሮ ይዛ አልመጣችም። ከጅግጅጋ አካባቢ የመጣች ሴት ብዙውን ጊዜ ነጋዴ ነበረች፤ ሸቀጥ ከየት እንደሚገኝ፣ ዱቤ እንዴት እንደሚሰጥና እንደሚሰበሰብ ታውቃለች፤ ሶማልኛም ትናገራለች። ለእርሷ ከስፌት መኪና ይልቅ መነሻ ገንዘብና የገበያ ቦታ ይሻላታል።

የቡራዩ ሸማ ሠሪዎች ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው። ሽመና የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ባል በሸማ ዕቃው ላይ ሲቀመጥ ማጉን በእንዝርት የምትፈትለው ሴቲቱ ናት። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም የጥሩ ሸማ ዋጋ ያለው በፈትሉ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት ንብረቱ ለጠፋበት ሸማኔ ቤተሰብ ዕቃው ብቻ ተተክቶለት ጥጥ ካልተሰጠ፣ የሴቲቱ ገቢ ሳይተካ ቀረ ማለት ነው። በእርዳታ ቅጽ ላይ «ሥራ» በሚለው ረድፍ «ሸማኔ» ተብሎ ለባል ሲሞላ፣ ሚስት «የቤት እመቤት» ከተባለች ፈትሏ ከመዝገብ ወጣ።

ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች የሣርና የወተት አገር ናት። ላም የሌላት ሠፋሪ ወተት ተረክባ በመሸጥ ወይም እርጎና ቅቤ በማዘጋጀት ልትሠራ ትችላለች። ነገር ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን የወተት ፈላጊ እንደሚቀንስ አበዳሪው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ የብድር መመለሻ በእነዚያ ሳምንታት ላይ ከዋለ ተበዳሪዋ ዕዳውን የምትከፍለው ከልጆቿ ቀለብ ቀንሳ ነው። በሰበታ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ስላሉ የቀን ሥራ ይገኛል። ይሁን እንጂ ሥራው በማለዳ የሚጀመር በመሆኑ ሕፃን የሚይዝላት ዘመድ የሌላት እናት አትቀጠርም፤ ብትቀጠርም ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ደመወዝ ተከፍሏቸው የሌሎቹን ልጆች የሚጠብቁበት አንድ ክፍል ቢዘጋጅ፣ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ገንዘብን በሚመለከት በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከሕንድ ተሞክሮ ተወስዶ በአዳማ የተጀመረው የራስ አገዝ ቡድን አሠራር በአገሪቱ ተስፋፍቷል። አሠራሩ ለእቁብ የቀረበ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ በዕጣ አለመውጣቱና በብድር መዞሩ ነው። ለምሳሌ 15 ሴቶች በየሳምንቱ 20 ብር ቢያዋጡ በሳምንት 300 ብር፣ በ25 ሳምንት 7,500 ብር ይሆናል። ይህም ለሦስት ሴቶች 2,500 ብር ማበደር ያስችላል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የጉሊት መነሻ እንጂ የሱቅ መክፈቻ አይሆንም። ነገር ግን ማን ትበደር፣ በስንት ጊዜ ትመልስ የሚለውን የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ቡድኑ ከነባር ነዋሪዎችም ሴቶችን ቢጨምር ይመረጣል፤ ተፈናቃዮች ብቻ የተሰበሰቡበት ቡድን ከጎረቤቱ ተነጥሎ ይቀራል፣ የቅሬታም ምክንያት ይሆናል።

ከጎረቤት ጋር መዋሐድን በተመለከተ ከሁሉ የሚከብደው የእድር ነገር ነው። የምሥራቅ ሴቶች በአገራቸው አፎሻ ነበራቸው፤ ለሠርግም ለሐዘንም በእርሱ ይደራረሱ ነበር። በአዲሱ ሠፈር ግን እድሩ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን ለዓመታት ባዋጣው ገንዘብ የገዛ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ከነባሮቹ ጋር ለመስተካከል ዳጎስ ያለ መግቢያ ይጠየቃል። ይህን መክፈል ያልቻለች እናት ልጇ ቢሞትባት ድንኳን የሚተክልላት፣ አስከሬን የሚሸከምላት ታጣለች። በአንዳንድ የመቋቋሚያ ዕቅድ ውስጥ ለዚህ የሚሆን በጀት አይታይም፤ እድር የባህል ጉዳይ እንጂ የልማት ጉዳይ ነው ተብሎ አይታሰብምና። የእድሩ ዳኛ ቀርቦ ቢነጋገሩት ግን መግቢያው በአሥር ወር ተከፋፍሎ እንዲገባ መስማማት ይቻላል። ያንጊዜም ጸሐፊው መዝገቡን ሲከፍት የሚጠይቀው የባሏን ስም ሊሆን ስለሚችል፣ አስተባባሪው አብሯት ተገኝቶ የራሷ ስም እንዲጻፍ ማድረግ አለበት።