የማያም ቁስል

ሕመምን የሚወድ ሰው የለም። ሆኖም ሕመም ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ጤነኛ እግር አይኖረንም ነበር። እንዴት ቢባል፣ እሾህ ሲወጋን ያመናል፤ ቁጭ ብለን እንነቅለዋለን። ፍም ብንረግጥ ያቃጥለናል፤ እግራችንን ቶሎ እናነሣለን። ሕመም እንደ ቤት ውሻ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሣል። ግን ውሻው ዝም ካለ ሌባው እንደ ልቡ ይገባል።

የስኳር በሽታ በብዙ ሰዎች ላይ ይህን ውሻ ዝም ያሰኘዋል። በዚህ ትምህርት ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ከሪህ ጋር ለምን እንደሚምታታና እግራችንን እንዴት እንደምንጠብቅ እናያለን።

የምንበላው እንጀራ፣ ቆሎና ድንች በሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደማችን ውስጥ ይገባል። ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋችን የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ሲያንስ ወይም መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውዬው ውኃ ይጠማዋል፤ ሽንት ያመላልሰዋል፤ አንዳንዱም ይከሳል። ሳይበላ ያደረ ሰው ደም ሲመረመር ስኳሩ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ምርመራም እንደዚያው ከተገኘ፣ የስኳር በሽታ አለበት ይባላል።

በሰውነታችን ውስጥ እንደ ስልክ ሽቦ ወሬ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ነርቭ ይባላሉ። እግራችን የነካውን ነገር ወደ አንጎል የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ ነርቮችን ይጎዳል። ነርቮቹን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ረጃጅሞቹ፣ እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። ስለዚህ ጉዳቱ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ይጀምርና ቀስ እያለ ካልሲ እንደሚጠለቅ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ሰው እንደ ጉንዳን ይወረዋል፤ ሌሊት ሌሊት እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል። ሌላው ምንም ሳይሰማው ይደነዝዛል። የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ ይህ ጉዳት ያገኛቸዋል።

ታዲያ በየሰፈራችን እግር ባመመ ቁጥር «ሪህ ነው» ይባላል። ሪህ ግን ሌላ በሽታ ነው። ምክንያቱ ዩሪክ አሲድ የሚባል ዝቃጭ ነው። ይህ ዝቃጭ ከራሳችን ሰውነት እርጅናና እድሳት ይመጣል፤ ከምንበላው ምግብም ይመጣል። ብዙ ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት መብላት ያበዛዋል። ጠላና አረቄም ያበዙታል። አብዛኛውን ከደም አጥበው በሽንት የሚያስወጡት ኩላሊቶቻችን ናቸው። ሲበዛና መውጫ ሲያጣ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ደቃቅ መርፌ ሆኖ ይረጋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአውራ ጣት ሥር ነው። ሰውዬው ደህና አድሮ ሌሊት ይነሣበታል። ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። የጋቢ ጫፍ እንኳ ሲነካው አይችለውም።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ እንበል። ሪህ ይጮኻል፤ የስኳር በሽታ ያደነዘዘው እግር ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሪህ ብዙውን ጊዜ አንድ መገጣጠሚያ ይይዛል፤ የስኳሩ ጉዳት ሁለቱንም እግር ከጣት ይጀምራል።

ሁለቱ በሽታዎች ባንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ሰውነቱ የከበደና ኩላሊቱ የደከመ የስኳር ሕመምተኛ ዩሪክ አሲዱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ተመራማሪዎች የስኳር ሕመምተኞችን ደም ሲመረምሩ፣ ነርቫቸው በተጎዳባቸው ሰዎች ላይ ዩሪክ አሲዱ በዝቶ ያገኙበት ጊዜ አለ። ታዲያ ነርቭን የሚጎዳው ዩሪክ አሲድ ነው ማለት ነው? እስካሁን አልተረጋገጠም። ፈረስና አህያ ባንድ መንገድ ሲሄዱ ስለታዩ አንዱ ሌላውን ጎተተው አይባልም። ሁለቱንም አንድ ጌታ እየነዳቸው ይሆናል። ስለዚህ የሪህ ኪኒን የደነዘዘ እግርን ያድናል ብለን መግዛት የለብንም። ነርቭን እንደሚጠብቅ የታወቀው ስኳርን መቆጣጠር ነው። አረቄ ግን ዩሪክ አሲድንም ይጨምራል፤ ሲበዛ ነርቭንም ይጎዳልና መተዉ ለሁለቱም ይበጃል።

የደነዘዘ እግር ምን እንደሚያመጣ ዓለም የተማረው ከሥጋ ደዌ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ፖል ብራንድ የሚባሉ ሐኪም ሕንድ አገር፣ ቬሎር ወደምትባል ከተማ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የሥጋ ደዌ ጣትን በራሱ የሚያረግፍ ይመስለው ነበር። ሐኪሙ ነገሩን ቀርበው ሲመረምሩ ሌላ ሆኖ አገኙት። ሕመምተኞቹ ነርቫቸው ስለሞተ የጋለ ድስት ይይዙ ነበር፤ በቆሰለ እግራቸውም ይሄዱ ነበር። አያማቸውማ! አንዳንዶቹ ደግሞ ማታ የነበረ ጣታቸው ሲነጋ ጎድሎ ይገኝ ነበር። ሌሊት ቢጠበቅ፣ ተኝተው ሳሉ የሚበላቸው አይጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ለየሕመምተኛው ድመት ይሰጠው ጀመር። ብራንድ ከ1966 ጀምሮ በአሜሪካ አገር፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሠሩ። የስኳር ሕመምተኞችም እግራቸውን የሚያጡት በዚሁ ምክንያት መሆኑን አስተማሩ። ብዙውን ጊዜ እግር የሚያስቆርጠው ሳይታመም የቆየ ትንሽ ቁስል ነው።

እግራችን መደንዘዙን በቤታችን መፈተን እንችላለን። የስኳር ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው በሌባ ጣቱ ጫፍ የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን የእግር ጣት ጫፍ በቀስታ ይንካ። በሁለቱም እግር ሲሆን 6 ቦታ ነው። መጫን፣ ማሸት ወይም መኮርኮር አይገባም። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነውና ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዚያም ባይሆን በዓመት አንድ ጊዜ እግሩን ያስመርምር። መደንዘዝ በሥጋ ደዌም ይመጣልና የጤና ባለሙያው ለይቶ ይነግረዋል።

የስኳር ሕመምተኛ እግሩን እንዲህ ይጠብቃል፦

በየቀኑ ብርሃን ሳለ እግሩን ያያል። የውስጥ እግሩን ማየት ካልቻለ ሚስቱ ወይም ልጁ ታይለት። እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መሐል ያለውን እርጥበት ያደርቃል። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግሩ አይሄድም። ጫማውን ከማድረጉ በፊት ያራግፋል፤ እጁንም ከቶ ይዳብሳል። ጠጠር ወይም ምስማር ሊኖር ይችላልና። ብርድ ቢሆንም እግሩን ወደ ምድጃ አያስጠጋም። የመታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካል። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አይቆርጥም። የደነዘዘውን ለማንቃት ብሎ አያስተኩስም። ማስተኮስ በማያም እግር ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ቁስል ካገኘ ትንሽ ናት ብሎ አይንቃትም። በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እግሩ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ከጋለ ባያመውም «ሪህ ነው» ብሎ አይቀመጥም። ውስጥ ለውስጥ ያመረቀዘ ቁስል ወይም የተሰበረ አጥንት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሂድ። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ወይም ኢንሱሊንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

አሁን መጻፍ ችለናል። እንግዲህ አንድ ደብተር እንያዝ። ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር ቀኑንና የስኳራችንን ቁጥር እንጻፍ። ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ራሳችን እናየዋለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል ግን አይናገርም። እርሱ ዝም ካለ የእኛ ዓይን ዘበኛ ሆኖ ይጠብቀው።

ጥያቄዎች

1. ሕመም ለሰው ምን ይጠቅመዋል?
2. ሪህና የስኳር በሽታ ያመጣው የእግር መደንዘዝ በምን ይለያያሉ?
3. በቬሎር የሕመምተኞቹን ጣት ያጎደለው ምን ነበር? ለምንስ አልተሰማቸውም?
4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ አለ? እግሩን በዛሬው ቀን ማን አየለት?