በጠራራ ፀሐይ የተወረወረ ኮከብ፦ ተራራ ላይ ሆኖ እንዴት ይሣላል?

የካቲት 5 ቀን 1939 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሜድቬዴቭ የተባለ የሶቭየት ሠዓሊ፣ ያኔ ኢማን ትባል በነበረች የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ከተማ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሥዕል ሊጀምር ሲል፣ ዓይን የሚያጭበረብር እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። በሲኾተ አሊን ተራሮች ላይ የብረት ስብርባሪውን ያዘነበው ሜትዮራይት ነበር። ሠዓሊው ያየውን እዚያው መሣል ጀመረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሥዕሉ በሶቭየት ኅብረት የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ።

በቀን የሚታይ ተወርዋሪ ኮከብ ብርቅ ነው። የፀሐይ ብርሃን ተወርዋሪ ኮከቦችን ስለሚውጥ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው ከአጥቢያ ኮከብ ብዙ እጥፍ የደመቀው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ታይቶ ይጠፋል፤ ስልክ ከኪስ እስኪወጣ አይጠብቅም። የእርሳስ ሥዕል ዛሬም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ባዶ ሰማይ ላይ የተሠመረ ደማቅ መስመር ለማንም ምንም አይነግርም። ከሥሩ ሸንተረሩ፣ ገደሉና ጅባራው ሲኖሩ ነው ኮከቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደጠፋ መለካት የሚቻለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ነው፦ ኮከቡን ከመሬቱ ጋር አስሩት።

በስሜን ተራሮች ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ እየተጓዛችሁ ነው እንበል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ጠንካራ ጀርባ ያለው ትንሽ የሥዕል ደብተር፣ አንድ ኤችቢ እና አንድ ለስላሳ ባለ 4ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ነፋስ ወረቀቱን እንዳያገላብጠው መቆንጠጫ። ሁሉም በጎን ኪስ ይሁን፤ ቦርሳ ሥር የተቀበረ ደብተር በዚያች ደቂቃ አይደርስላችሁም።

ብርሃኑ ሲታያችሁ መጀመሪያ እግራችሁን አቁሙ። እሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ነው፤ ሽቅብ እያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ እስኪጠፋ ድረስ ዓይናችሁን አትንቀሉ። በልባችሁ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያላችሁ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ሰከንድ ይሆናል። ከመነሻው ይልቅ መጥፊያውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ መነሻው ብዙ ሰውን ያመልጠዋል፣ መጥፊያውን ግን በትኩረት የጠበቀ ያገኘዋል።

እንደጠፋ ሰዓት ተመልከቱና የድምፅ ቆጠራ ጀምሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ነጎድጓዱ ከደቂቃዎች በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ብዙ ሰው የተጎዳው ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ከቀረበ በኋላ ዘግይቶ በደረሰው የአየር ግፊት መስታወቱ ሲረግፍ ነው። ተራራ ላይ መስታወት ባይኖርም፣ ብርሃኑ በጣም ኃይለኛ ከነበረ ከገደሉ ጠርዝና ድንጋይ ከሚናድበት ሥር ፈቀቅ በሉ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ግን የቆማችሁበትን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፤ ሥዕሉ የሚሠራው ከዚያው ነጥብ ነው።

አሁን ደብተሩ ይከፈት። ኮከቡን አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚሣለው ሸንተረሩ ነው። በኤችቢው በቀጭኑ የሰማዩንና የመሬቱን ድንበር ከዳር እስከ ዳር አውጡ። ኮከቡ በታየበት ሥር ያለውን ጫፍ፣ ስንጥቅ ወይም ጅባራ ለይታችሁ በትክክል አስቀምጡ፤ ሌላው ቢዛነፍ ግድ የለም። ከዚያ መነሻና መጥፊያውን በሁለት ነጥብ ምልክት አድርጉ።

ከፍታውን በእጃችሁ ለኩ። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ ወደ 10 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት ወደ 1 ዲግሪ ትሸፍናለች። የሰው እጅ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ፈትሹት፦ ከዓይን ደረጃ እስከ አናት ዘጠኝ ቡጢ መሆን አለበት። ተራራ ላይ ችግሩ ዓይን ደረጃው የት እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሸንተረር ከእናንተ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ውኃ ያለበት ግልጽ ጠርሙስ ዓይናችሁ ፊት አንሡ፤ የውኃው ገጽ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ሲታያችሁ፣ በእሱ በኩል የምታዩት የተራራው ወገብ ትክክለኛው ዓይን ደረጃ ነው። ቡጢውን ከዚያ ጀምራችሁ ደራርቡ፣ ቁጥሩንም ሥዕሉ ላይ ጻፉት።

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንና በአጠገብ ያለ ብረት ያሳስተዋል። እኔ የበለጠ የማምነው የዱላ ጥላ ነው። ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላው በየትኛው ጫፍ በኩል እንደተዘረጋ በሥዕሉ ላይ በቀስት አሳዩ። ቦታውና ሰዓቱ ከታወቀ የጥላው አቅጣጫ በኋላ በስሌት ይገኛል። እኩለ ቀን አካባቢ ግን ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ወቅት ጥላው አጥሮ አያገለግልም።

ቀጥሎ ብርሃኑ። ወረቀት ላይ ከወረቀቱ የበለጠ ነጭ ነገር የለም፤ ስለዚህ ኮከቡ አይሣልም፣ ይተዋል። ቅርጹን በቀላሉ ክበቡና ውስጡን አትንኩ። ከዚያ 4ቢውን ጋደም አድርጋችሁ ሰማዩን ወደ ኮከቡ እየተጠጋችሁ አጥቁሩ፤ ዙሪያው በጠቆረ መጠን የተተወው ነጭ ይደምቃል። ጠርዙ የተሳለ ነበር ወይስ የፈዘዘ? የፈዘዘ ከነበረ ላጲሱን በጫፉ ቀስ አድርጋችሁ አስነኩት። ጭስ ትቶ ከሄደ ጊዜ አታጥፉ፤ የላይኛው ነፋስ ደቂቃ ሳይሞላ ማጣመም ይጀምራል። ከዋናው ሥዕል ጎን ትንንሽ አራት ማዕዘን አውጥታችሁ በየደቂቃው መልኩን በአንድ መስመር ብቻ ያዙ፣ ሥሩም ሰዓቱን ጻፉ። ፀሐይ የምታበራው ጭስ ነጭ ይሆናል፤ በፀሐይ በኩል የሚታየው ግን ሊጠቁር ስለሚችል ያያችሁትን እንጂ የጠበቃችሁትን አትሣሉ። ቀለሙን በቃል ጻፉት፦ «ራሱ ነጭ፣ ጅራቱ ወደ ብርቱካናማ» ይበቃል።

አንድ ስሕተት አደራ። ዓይን ኮከቡ «ከዚያ ማዶ፣ ከጋራው ጀርባ ወደቀ» ይላል፤ እጅም መስመሩን እስከ መሬት ይጎትተዋል። ብርሃኑ የሚጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ ገና በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ ሳለ ነው። ከቆማችሁበት 25 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ጠፍቶ ለእናንተ ከዓይን ደረጃ አንድ ቡጢ ተኩል በላይ ከታየ፣ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል ማለት ነው። መስመሩን ብርሃኑ በጠፋበት አቁሙት።

አብረዋችሁ መሪና የፓርኩ ስካውት፣ ምናልባትም እረኛ ይኖራሉ። ሁሉም ከመነጋገሩ በፊት ያየውን ለየብቻው ይያዝ፤ አንዱ ካወራ በኋላ የሌላው ትዝታ ወደዚያው ያዘነብላል። አዛውንት እረኛ ካገኛችሁ እናንተ ያያችሁትን አትንገሯቸው። «አባባ፣ ያኔ የቆሙበት ቦታ ይቁሙልኝና መነሻና መጥፊያውን በዱላዎ ያሳዩኝ» በሏቸው። እሳቸው አገሩን ከእናንተ በላይ ያውቁታል፤ የሚጠቁሙትን ጫፍ በስሙ ይነግሯችኋል። ያንን ከሌላ ቦታ የታየ አቅጣጫ በሌላ ገጽ ሣሉት። ሁለት ቦታ የተለካ መስመር ነው የኮከቡን ትክክለኛ መንገድ የሚያወጣው።

ሰፈር ስትደርሱ ንጹሕ ቅጂ ሥሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታርሙት፤ የተዛነፈ መስመሩም ጭምር ማስረጃ ነው። በጀርባው የቆማችሁበትን ቦታ በስልኩ ጂፒኤስ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሰከንዱን ብዛት፣ ድምፅ ተሰምቶ ከሆነም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ጻፉ። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፦ ዓለም አቀፉ የሜትዮር ድርጅት ምስክርነት የሚቀበልበት ቅጽ ላይ የእኛ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» እንዳለ ከገባ መዝገቡ ይበላሻል። ቅጹ የሚጠይቀው የትኛውን ሰዓት እንደሆነ አይታችሁ ሙሉ፤ በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ስትደምሩ የዓለም አቀፉን ሰዓት (ዩቲሲ) ታገኛላችሁ፤ የጠዋቱ 4 እዚያ 7 ሰዓት ነው። ሥዕሉን በጥላ ቦታ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡትና ከቅጹ ጋር በዚያው ቀን ላኩት፤ የወደቀ ነገር ካለ፣ ዝናብ ሳይነካው ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል።